ዒላማ የሌለው ሽጉጥ

«የድሮ ሞዴል የሆነች፣ ኪስ የማትጎዳ፣ ዒላማ መምታት የምማርባት ሽጉጥ ብገዛ የትኛዋ ትሻለኛለች?» ሲል አንድ የሉማሜ ልጅ ጠየቀን። እንዲህ ያለ ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ሲሰማ የሚያስከትለው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይደነግጣል። የሚስቀው «ጎጃሜ ምን ጊዜም ጎጃሜ ነው» ይላል፤ የሚደነግጠው «በዚህ ጊዜ?» ብሎ አፉን ይይዛል። እኛ ግን ጥያቄውን ቁም ነገር ብለን ይዘነዋል። ልጁ የጠየቀን ስለ መግደል አይደለም፣ ስለ መምታት ነው። ችግሩ እነዚህ ሁለት ነገሮች በአገራችን ተለያይተው አለማወቃቸው ነው።

ሉማሜን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትጓዙ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ የምታገኟት የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙው መንገደኛ በአውቶቡስ መስኮት አይቷት ያልፋል። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ ወዲያ ብቸና፣ ከብቸናም ወዲያ ሞጣ አሉ። በዚህ አገር ጠመንጃ እንደ በሬና እንደ መሬት ከሀብት ይቆጠራል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አዲስ ነገር ካለው «ለዒላማ» የምትለዋ ቃል ናት።

መጀመሪያ ስሙን እንየው። ሽጉጥ «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ የሚሸጎጥ፣ የሚደበቅ ማለት ነው። ጠመንጃ አይሸጎጥም። የጎጃም ገበሬ ምንሽሩን፣ ውጅግራውን፣ አልቤኑን፣ በኋላም ክላሹን በትከሻው አንግቶ ገበያ ወጥቷል፣ ለቅሶ ደርሷል፣ ሰርግ ውሏል። ማን ምን እንደያዘ አገር ያውቃል። መሣሪያው የሚታይ ስለሆነ ባለቤቱንም የሚያየው ብዙ ነው፤ ሽማግሌ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ ዘመድ አለ። ሽጉጥ ግን የከተማ ልጅ ነው። ኑሮው ከኮት ሥር ነው። ማን እንደያዘው የሚታወቀው ወይ ሲተኮስ ነው፣ ወይ ሲያዝ። ዒላማ ደግሞ በተፈጥሮው የአደባባይ ነገር ነው፤ ሰው ቆሞ ያያል፣ የመታ ይመሰገናል፣ የሳተ ይሳቅበታል። እንግዲህ ወዳጃችን የጠየቀው የተደበቀውን ነገር ወደ አደባባይ ማውጣት ነው። ይቻላል ወይ?

እስኪ ምርጫውን በቅን ልቦና እንሞክረው። የድሮ ሞዴል ሲባል ዓለም መጀመሪያ የሚጠራው ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ኮልት 1911 ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀብሎ እስከ 1985 ድረስ ዋና ሽጉጡ አድርጎት ኖሯል። 7 ጥይት ይጎርሳል፣ ክብደቱ ከ1 ኪሎ ይበልጣል። ምላጩ አጭርና ጥርት ያለ በመሆኑ ዒላማ ተኳሾች እስከ ዛሬ ይወዱታል። ቀጥሎ የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር አለ፤ 9 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 13 ጥይት። ወደ እኛ ታሪክ ስንመጣ የድሮ ሞዴሎቹ የመጡት በግዢ ምርጫ ሳይሆን በጦርነት ነው። ቤሬታ 1934 የጣሊያን መኮንኖች ሽጉጥ ነበር። ማካሮቭ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ደርግን ካስታጠቀችበት ዘመን ጋር የመጣ ነው።

ብዙ ሰው «የድሮ ሞዴል» ሲል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ማካሮቭ ይመስለናል። ጠንካራ መሣሪያ ነው። 8 ጥይት ይይዛል፣ ክብደቱ 730 ግራም ያህል ነው። በርሜሉ ግን 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የተሠራው ለመኮንን ወገብ ነው፣ ለዒላማ አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ባጠረ ቁጥር የእጅ ትንሿ መንቀጥቀጥ ዒላማው ላይ ስትደርስ ትልቅ ስህተት ትሆናለች። 9 ሚሊ ሜትሩም ሆነ የኮልቱ 45 ደግሞ ሌላ ችግር አላቸው። ሲተኮሱ ይረግጣሉ፣ ይጮሃሉ። ጀማሪ ደግሞ ርግጫውን ፈርቶ ምላጩን ከመሳቡ በፊት እጁን ያጥፋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዴ ይህ ልማድ ከያዘው ለመንቀል ዓመት ይፈጃል። ለዚህ ነው ስፖርቱ ባለበት አገር ሁሉ ጀማሪ የሚጀምረው በትንሿ ባለ 22 ጥይት ወይም በአየር ሽጉጥ የሆነው። የኮልት 1911ን መልክ ይዘው ለባለ 22 ጥይት የተሠሩ ሽጉጦችም የሚሸጡት ለዚሁ ነው፤ ኪስ ለማይሞላው ጀማሪ።

ኪስ ካነሣን አይቀር ትልቁን ነገር እንናገር። ሽጉጥ አንዴ ይገዛል፤ ጥይት ግን ሁልጊዜ ይገዛል። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር አንድ ተወዳዳሪ በማጣሪያው ብቻ 60 ጊዜ ይተኩሳል። ለዚያ ውድድር የሚዘጋጅ ሰው በልምምድ ስንት እንደሚተኩስ እናንተው አስሉት። አሁን ጥይት በፍሬ ወደሚሸጥበት አገር እንመለስ። ወዳጃችን ያቺን ማካሮቭ አገኛት እንበል። ከጥይቷ ጋር 5 ወይም 10 ፍሬ ይኖረው ይሆናል። 3ቱን ገደል አፋፍ ወርዶ ድንጋይ ላይ ይሞክራል፤ 2ቱን ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የቀረውን «ለክፉ ቀን» ብሎ ያስቀምጣል። እንግዲህ ዒላማ የት አለ? ለዒላማ ተብላ የተገዛችው ሽጉጥ በሦስት ወር ውስጥ ለክፉ ቀን የተቀመጠች ሽጉጥ ትሆናለች። ክፉ ቀን ደግሞ ሽጉጥ የተቀመጠበትን ቤት አያጣውም።

ይህም ማካሮቭ ቢገኝ ነው። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ በርካሽነቱ ስሙ የሚነሣው የቱርኩ ነው፤ ኢኮልፒ እየተባለ በኮንትሮባንድ የሚገባው፣ በመኪና ሆድ ተደብቆ ተያዘ እየተባለ በዜና የምንሰማው። ከዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ መካከል ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተሠርቶ በኋላ በርሜሉ ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲጎርስ የተደረገ አለ። ድምፅ ብቻ የሚያሰሙት ገላቸው በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ እንጂ ብረት አይደለም። የእውነተኛ ጥይት ግፊት ሲያርፍበት የሚፈነዳው ወደ ፊት ላይሆን ይችላል። ርካሽነቱ በጣት ወይም በዓይን የሚከፈል ርካሽነት ነው። «ኪስ የማትጎዳ» የሚለው መስፈርት ብቻውን ወዴት እንደሚወስድ ይኸው።

አሁን ወደ መንግሥት እንሂድ፤ የዒላማው አለመኖር የገበሬው ጥፋት ብቻ አይደለምና። በምሥራቅ ጎጃም መሣሪያና መንግሥት በሰላም ተገናኝተው አያውቁም። በ1928 ዓ.ም የመጣው ጣሊያን ያገሩን መሣሪያ ሊያስፈታ ፈለገ፤ በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር፣ ከእነዚያው ተራሮች ተነሥቶ 5 ዓመት ተዋጋው። በ1937 ዓ.ም ግን በላይን የሰቀለው ጣሊያን አልነበረም፤ የገዛ አገሩ መንግሥት ነው። በ1960 ዓ.ም የብቸናና የሞጣ ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምጽ፣ ከግብሩ ሌላ ካስቆጡት ነገሮች አንዱ የመሣሪያ ምዝገባው ነበር። «ዛሬ ይመዘግቡታል፣ ነገ ይወስዱታል» ብሎ ነበር የተረዳው። መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ደበደበ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል፤ ጥርጣሬው ግን ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። መንግሥት በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ሽፍታ ያያል፤ ገበሬው በእያንዳንዱ መዝገብ ውስጥ ማስፈታት ያያል።

በ2012 ዓ.ም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። አዋጅ መኖሩን አንቃወምም፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል መሆኑም ተገቢ ነው። ወዳጃችንም ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንን ነው። የኛ ቅሬታ ሌላ ነው። የመሣሪያ ነገር ሲነሣ በአገሪቱ የሚሰማው ቋንቋ ሁለት ብቻ ነው፦ አስፈታ ወይም ታጠቅ። «ተማር» የሚል ሦስተኛ ድምፅ የለም።

«በዚህ ሁሉ ደም መካከል ስለ ስፖርት ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የተነሣው ውጊያ ምሥራቅ ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል። መንገድ ተዘግቷል፣ ትምህርት ተቋርጧል፣ ሰው አልቋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሽጉጥ ወገቡ ላይ የተገኘ ወጣት «ለዒላማ ነው» ቢል የሚያምነው የለም፤ ወታደሩም አያምነውም፣ ታጣቂውም አያምነውም። አንዱ ጠላት ይለዋል፣ ሌላው «ና ተከተለኝ» ይለዋል። ስለዚህ ለወዳጃችን ያለን ምክር አጭር ነው፦ አትግዛ። ማካሮቩንም፣ ብራውኒንጉንም፣ ከሁሉ በላይ ኢኮልፒውን አትግዛ። እንዲህ ስንልህ ግን ፍላጎትህን አንቀብርም፤ ፍላጎትህ የት መሄድ እንዳለበት ልንነግርህ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም በፓሪስ ኦሊምፒክ የቱርኩ ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የተነሣውን ፎቶ ሁላችንም ተቀባብለነዋል። የ51 ዓመት ሰው፣ ተራ መነጽር፣ ተራ ቲሸርት። ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በእጁ የነበረችው ሽጉጥ ባሩድ የላትም፤ በታመቀ አየር 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ፍሬ የምትተፋ ናት። ሁለተኛ፣ ያ የብር ሜዳሊያ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ የሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ነው፣ የቡድን አጋሩ የነበረችው ወጣት ሴት። ዒላማው 10 ሜትር ላይ ነው፤ መሐሉ ያለችው የ10 ነጥብ ክብ ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ከአንድ የሽንብራ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። እሷን ለመምታት ጉልበት አይጠይቅም፣ ፉከራ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትንፋሽን መያዝ፣ ልብን ማረጋጋት፣ ሺህ ጊዜ መደጋገም ነው። የጎጃም ሴት ልጅ ከወንዱ እኩል የምትቆምበት የተኩስ መስመር ይህ ነው።

መንግሥት «ስፖርት ብለን ብንፈቅድ መሣሪያ ይስፋፋል» ቢል፣ እንግሊዝን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1996 ደንብሌን በተባለች የስኮትላንድ ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና መምህራቸውን በሽጉጥ ገደለ። በማግስቱ ዓመት አገሪቱ የእጅ ሽጉጥን በሞላ ጎደል ከለከለች፤ ለስፖርት የሚያገለግለውን ባለ 22 ጭምር። የአየር ሽጉጥ ስፖርት ግን አልተዘጋም። ሰው የሚገድለውንና ወረቀት የሚበሳውን በሕግ መለየት ይቻላል ማለት ነው።

እኛ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ አዳራሽ፣ 10 ሜትር ርዝመት፣ ከጀርባው ፍሬውን የሚያስቀር ግድግዳ፣ የወረቀት ዒላማ፣ በፖሊስ ፈቃድ የገቡ ጥቂት የአየር ሽጉጦች፣ አንድ አሠልጣኝ። ጥሩ የውድድር አየር ሽጉጥ ርካሽ አይደለም፤ ግን አንዷ ለ20 ልጅ ትበቃለች። መሣሪያው ክለቡ ውስጥ ተቆልፎ ያድራል፣ ማንም ይዞት ቤቱ አይሄድም። አሁን በአዲስ አበባ መጀመር ይቻላል። ሰላም ሲወርድ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ቀጥሎም ሉማሜ፣ ብቸናና ሞጣ ላይ፣ ለምን አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አይሆንም? ኢትዮጵያ ከኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጣችው በሩጫ ብቻ ነው። ተኩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ሲጀመር የነበረ ውድድር ነው። ተኳሽነትን በሽለላና በቀረርቶ ስታወድስ የኖረች አገር አንድ የወረቀት ዒላማ አለመትከሏ ያስገርማል።

እናም ወዳጃችን፣ ለጥያቄህ መልሳችን ይኸው ነው፦ መጀመሪያ የሚገዛው ሽጉጥ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚተከለው ዒላማ ነው። ዒላማው ሲተከል የትኛዋ ሽጉጥ እንደምትሻል አሠልጣኙ ራሱ ይነግርሃል። እስከዚያው ድረስ አዳራሹን እንጠይቅ፤ አንተም ከዚያ፣ እኛም ከዚህ።