«እሺ» ማለት ተስማማሁ ማለት አይደለም



በባህላችን ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ «እሺ» ማለት የጨዋ ወግ ነው። ሐኪም ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ይከበራል። ስለሆነም አባቶቻችንና እናቶቻችን በኩፓት ሆሊምም ሆነ በሆስፒታል፣ የተነገራቸው ነገር ባይገባቸውም እንኳ «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። ሐኪሙ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ያያል፤ ወረቀት ይቀርባል፤ የሚፈረምበት ቦታ በጣት ይጠቆማል፤ ይፈረማል። እዚህ ላይ የታየው ጨዋነት ነው እንጂ ስምምነት አይደለም።

ይህን የምንለው በቃላት ለመከራከር አይደለም። የስኳር በሽታን እንውሰድ። ወደዚህ አገር ስንመጣ በመካከላችን እምብዛም አይታወቅም ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ቤት ገብቷል። በሽታው መጀመሪያ ላይ አያምም። እንክብሉ ለምን በየቀኑ እንደሚወሰድ በሚገባ ያልተነገራቸው አዛውንት፣ ደህና የሆኑ ሲመስላቸው ያቋርጡታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ መዝገባቸው ላይ «ሎ ሜሻቴፍ ፔዑላ»፣ ማለትም «አይተባበርም» ተብሎ ይጻፋል። ጉድለቱ ግን ከአለመተባበር ሳይሆን ካለመግባባት የመጣ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ዓይንና ኩላሊት፣ እግርም ጭምር ናቸው።

እንደሚታወቀው፣ ሳይነገረን የሚደረግብን ነገር ምን ያህል እንደሚያቆስል እኛ በሚገባ እናውቃለን። በጥር ወር 1996 የወገኖቻችን የደም ልገሳ በምስጢር ይጣል እንደነበር ሲገለጥ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ጮኸዋል። የልባችንን ቁስል ያባሰው ደሙ መጣሉ ብቻ ሳይሆን «እናመሰግናለን» ተብሎ ከተወሰደ በኋላ እውነቱ መደበቁ ነበር። በጥር ወር 2013 ደግሞ የሚስራድ ሃብሪኡት ዋና ዳይሬክተር ስለ ዴፖ ፕሮቬራ መርፌ ለኩፖት ሆሊም ደብዳቤ ጽፈዋል። ከኢትዮጵያ የመጡትም ሆኑ ሌሎች ሴቶች የመርፌውን ውጤት አለመረዳታቸው የሚያጠራጥር ከሆነ ማዘዣው እንዳይታደስ፣ ካስፈለገም በአስተርጓሚ እንዲነጋገሩ የሚል ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለው ጥያቄ መቅረብ የሚገባው መርፌው ከመወጋቱ በፊት አልነበረምን?

ሕጉስ ምን ይላል? በዚያው በ1996 ዓመት ክነሴት የታካሚን መብት ሕግ አጽድቋል። በዚህ ሕግ መሠረት ሐኪም ያለ «ሃስካማ ሚዳዓት» አያክምም፤ ይኸውም አውቆ መስማማት ማለት ነው። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ሕክምናው ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል፣ ሌላ አማራጭም ካለ፣ ታካሚው በሚገባው መንገድ ሊነገረው ይገባል። በትውልድ አገር ምክንያት ማዳላት የተከለከለ ነው። የታካሚው ክብርና ምስጢርም ሊጠበቅ ይገባል። በ2011 ደግሞ ሚስራድ ሃብሪኡት የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከታካሚው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያስማሙ መመሪያ አውጥቷል። እንግዲህ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትን መጠየቅ ነው እንጂ ልመና አይደለም።

አስተርጓሚ ስንል ግን ልጆቻችንን ማለታችን አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የእናቱን የማኅፀን ሕመም ለሐኪም እንዲተረጉም ማድረግ በእናትም በልጅም ላይ ግፍ ነው። እናት ታፍርና ዋናውን ነገር ትደብቃለች፤ ልጁም ያልገባውን ዘሎ ያልፋል። ከዚህም በላይ ቋንቋችን ረቂቅ ነው። «ልቤን አቃጠለኝ» ያለ ሰው ጨጓራውን ሊሆን ይችላል፤ ሐዘኑንም ሊሆን ይችላል። «ሆዴ ባባ» ያለች እናት የሆድ መድኃኒት አያስፈልጋትም። ዕብራይስጥ «አንተ»ና «እርስዎ» ብሎ አይለይምና፣ ጥሩ አስተርጓሚ የሐኪሙን ቃል ለአዛውንቱ በ«እርስዎ» ያደርሳል። ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችንም በራሳቸው ቋንቋ የመስማት መብት አላቸው፤ አማርኛ ይበቃቸዋል ማለት አይገባም።

ከባድ ወሬ ሲመጣስ? መርዶ በእኛ ዘንድ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀርቦ ነው የሚነገረው። በዚህ አገር ግን ሐኪሙ ዓይን ለዓይን እያየ ለታካሚው ይነግረዋል። ቤተ ሰብም ደንግጦ «አትንገሩት» ይላል። ሕጉ ግን መረጃውን ለታካሚው ይሰጣል፤ ሐኪም ሊደብቀው የሚችለው ታካሚውን በጽኑ ይጎዳዋል ተብሎ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት መፍትሔው ታካሚውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፦ «ሁሉን ነገር መስማት ይፈልጋሉ? ሲሰሙስ ማን አጠገብዎ ይሁን?» ይህ ሕጉንም ወጉንም ያከብራል።

ለሐኪሞችና ለነርሶች የምንለው አለን። አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተማሪ «ገባኝ» ስላለ ብቻ ገብቶታል ማለት አይደለም። «እስቲ በራስህ ቃል ንገረኝ» ሲባል ነው የሚታወቀው። ታካሚውንም «ገባዎት?» ብላችሁ አትለፉት። እቤት ሲገቡ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ብዙ ጉዳት ግን ያድናል።

ይህ ቃል እኛንም ይመለከታል። ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ በየቤቱና በየቤት አቮት አዛውንትን ይጦራሉ። የምናጎርሰውን ሰው ሳንጠይቅ ማጉረስ፣ ሳንናገር ልብሱን ማውለቅ፣ በፊቱ ስለ እሱ ከሌላ ጋር ማውራት፣ በእኛ ላይ ሲደረግ የምንቃወመው ነገር ነው።

ስለዚህ ቤተ ሰቦች ሆይ፣ የሚከተለውን አድርጉ። ቀጠሮ ስትይዙ በቋንቋችሁ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። አብሯችሁ የሚሄደው አዋቂ ሰው ይሁን። በቋንቋችሁ ያልተነበበላችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት «ምን አመመኝ? ምን ልታደርጉልኝ ነው? ብተወውስ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ከተጓደለ በየሕክምና ተቋሙ የታካሚ መብት ኃላፊ በሕግ የተሾመ ነውና አቤቱታችሁን ለእሱ አቅርቡ፤ ቀኑንና የተባለውን ጽፋችሁ ያዙ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ዛሬ ያልገባውን የደበቀም እንዲሁ ነው። «እሺ» የሚለው ቃላችን መልካም ቃል ነው፤ አንተወውም። ነገር ግን ከ«እሺ» በፊት «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት ድፍረት አለመሆኑን ለወላጆቻችን እንንገራቸው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡም ብቻቸውን አንተዋቸው።