ፈርዖን በልጆቻችን የጆሮ ማዳመጫ



በቅርቡ ኮምቦልቻ የሚማር አንድ ወጣት ስልኩን አቀብሎኝ፣ ይህን መስማት ኃጢአት እንደሆነ ጠየቀኝ። የሰማሁት የከበሮ ውርጅብኝና ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ማጓራት ነበር። «ዴዝ ሜታል» ይባላል።

ቡድኑ «ናይል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በግሪንቪል ከተማ ተመሠረተ። መሥራቹ ካርል ሳንደርስ የዘፈኖቹን ሐሳብ በአብዛኛው የሚቀዳው ከጥንታዊት ግብፅ ታሪክ፣ ከመቃብር ጽሑፎቿና ከአማልክቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው አልበማቸው በዳግማዊ ራምሴስ የንግሥና ስም የተሰየመ ዘፈን ይዟል። በኢየሩሳሌም የተጀመረው «መለኬሽ» ደግሞ በሱመር አፈ ታሪክ ላይ ያተኩራል። ነገሩ ሩቅ አይምሰላችሁ፤ «ናይል» የተሰየመበት ወንዝ የእኛን የደቡብ ወሎውን የበሽሎን ውኃ ይዞ የሚወርደው ዓባይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ሳይመረምሩ «ሰይጣናዊ ነው» ብሎ ልጁን ማባረር ነው። ዳንኤል የከለዳውያንን ትምህርት ተማረ፤ በንጉሡ መብል ግን አልረከሰም (ዳን. 1)። ሁለተኛው «ሙዚቃ ብቻ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። እግዚአብሔር በግብፅ አማልክት ላይ ፈርዷል (ዘጸ. 12፥12)። ስለ ጣዖት መተረክና ጣዖትን መጥራት አንድ አይደሉም፤ ወጣቱ ግጥሙን አንብቦ ይለይ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ለምን እንደሚወደው ስጠይቀው፣ በልቡ ያለውን ጩኸት የሚመስል ሌላ ድምፅ እንዳላገኘ ነገረኝ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ብዙ ልጆች ያኔ ሞትን በዓይናቸው አይተዋል። እኛስ በአምልኮአችን ምን ሰጠናቸው? የድል መዝሙርና ጭብጨባ! መዝሙር 88 ግን በጨለማ ይጀምራል ሊባል በሚችል ልቅሶ ተነሥቶ በጨለማ ያበቃል፤ ሰቆቃወ ኤርምያስም ሙሉ መጽሐፍ ነው። የወሎ ሰው በአምባሰልና በትዝታ ኀዘኑን ሲያወጣ ኖሯል፤ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ለልቅሶ ቦታ አጣች።

መሪዎች ሆይ፣ ስልካቸውን ከመንጠቃችን በፊት ልቅሶአቸውን እንስማ፤ በጉባኤም አብረን እናልቅስ። ከዚያ የምሥራቹን እንንገራቸው፦ የፈርዖን መቃብር ሬሳውን ይዞ ቀርቷል፤ የጌታችን መቃብር ግን ባዶ ነው።

ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን።