«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ቢሏችሁ ኪሳችሁን አትክፈቱ!

ለዛሬ የፍቅሩንና የትዳሩን ጨዋታ ወደ ጎን ትተን ስለ አንዲት እህት ኮምፒውተር እናወጋለን። ሳቃችሁ አይደል? ግዴለም፣ ነገ በእናንተም ቤት ይመጣል።

ይህች እህት በሰፈራችን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ትሠራለች። የቤት ኪራይ የምትከፍለውም ልጇን የምታስተምረውም በአንዲት ኮምፒውተር ነው። ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ። ድምጿ ልክ አይደለም።

«ወንድሜ፣ ፍላሽ የምሰካበት ሁሉ ሞተብኝ። ኮምፒውተሩም ገና ሲከፈት ራሱን ያጠፋል። ጠጋኙ አይቶት ‹ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር› አለኝ። የእቁብ ዕጣ ከሰው ለምኜ ልከፍለው ነው። ደግሞ የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ለነገ ጠዋት አድርሺልኝ ብሎኛል።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር የተማርኩት እያበላሸሁ ነው። አንድ ጊዜ እኔንም «ተቃጥሏል» ብለው ብሬን በልተውኛል። ኋላ ሳስከፍተው የተቀየረ ነገር የለም! ስለዚህ «እስክመጣ አንድ ሳንቲም እንዳትከፍዪ» አልኳት።

መጀመሪያ የተማሪውን ፍላሽ ጎረቤት ሱቅ ወስጄ ሰካሁት። ያነባል። ይህን ሳያጣሩ ፖርት ነው ማለት ዝም ብሎ ጥንቆላ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። በጥቁሩ ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ የተሰካ የዩኤስቢ ዕቃ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ስለሆነ በ15 ሰከንድ ውስጥ እጠፋለሁ ይላል። ጠፋም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዩኤስቢ ፖርት የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። በደንቡ መሠረት የድሮው ዩኤስቢ 2.0 እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው 3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። ከዚያ በላይ ከተሳበ ወይም ሽቦ ከሽቦ ከተነካካ ማዘርቦርዱ እንዳይቃጠል ብሎ ኃይሉን ይቆርጣል። የእህታችን ማሽን ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ራሱን እየጠበቀ ነበር።

በሞባይሌ መብራት የፊቱን ፖርት ውስጡን አየሁ። ምላስ የምትመስለው ፕላስቲክ ተሰብራለች፤ ቀጫጭኖቹ ብረቶች ተጣመው ቆርቆሮውን ነክተዋል። ደንበኛ ሁሉ ፍላሹን ገልብጦ እየገፋ! ዩኤስቢ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያን አራት ማዕዘኑን ሶኬት እስከ ዛሬ በአንዴ ቀጥ አድርጎ የሚሰካ ሰው አላየሁም።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ። የጎን ሽፋኑን ፈትቼ ከፊት ፖርቶቹ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ገመድ ብቻ አላቀቅኩት። ስከፍተው ጽሑፉ የለም፤ ከኋላ ያሉት ፖርቶች በሙሉ ነፍስ ዘርተዋል። አንድ የተጎዳ ፖርት ነው ሌሎቹን ይዞ የወደቀው። ወጪው የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ብቻ ሆነ። እሱን ከኋላ ሰክተን ጫፉን ጠረጴዛው ላይ አወጣነው። ደንበኛ እዚያ ላይ ይግፋ፤ ቢሰበር የሚሰበረው ገመዱ ነው።

እናንተ ዘንድ የተሰበረ ነገር ከሌለስ? መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ ፖርቱ ደንዝዞ ይቀራል። የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ የኃይል ገመዱን አውጡ፤ መክፈቻውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ጥቂት አሳርፋችሁ ክፈቱ። አሁንም እምቢ ካለ፣ ዊንዶውስ ሳይገባ ኪቦርዱ ይሠራ እንደሆነ እዩ። ያኔ እየሠራ ዊንዶውስ ሲገባ የሚሞት ከሆነ ፖርቱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የሶፍትዌር ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ የዩኤስቢ ኮንትሮለሮቹን አንኢንስቶል አድርጉና ሪስታርት በሉት፤ ሲነሳ ራሱ መልሶ ይጭናቸዋል። ማውሳችሁ የዩኤስቢ ከሆነ መሀል ላይ ይሞትባችኋል፤ አትደንግጡ፣ መክፈቻውን አንዴ ነካ አድርጋችሁ አጥፍታችሁ ክፈቱት። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ እዚያው ዩኤስቢ ሩት ሀብ የሚለው ውስጥ፣ ፓወር ማኔጅመንት ላይ፣ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱት።

ፍላሹን ስትሰኩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! መጀመሪያ ሌላ ፖርት፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ። ያቺን «እሺ» በመጫን ስንት ሰው ሥራውን አጥቷል መሰላችሁ።

እርግጥ ነው፣ በመብረቅ ወይም በኃይለኛ መብራት ከልቡ የሚቃጠልም አለ። የመቃጠል ሽታ ካለው ነቅላችሁ ለምታምኑት ባለሙያ ስጡት።

ተማሪው ጠዋት ጽሑፉን አሳትሞ ሄደ። እቁቡም ሳይነካ ቀረ። ጠጋኙ ከሰዓት በኋላ ማዘርቦርድ በከረጢት ይዞ ከች አለ። «ተሠርቷል» አለችው። «ማን ሠራው?» ሲላት ስሜን ነግራዋለች መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም አይለኝም።