ለባሕር ቀርቦ ባሕር ሳያዩ መመለስ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። ዓባይ አጠገብ ሁለት ወር ከርሞ ምንጭ ብቻ አይቶ የሚመለሰውንስ ምን እንበለው? ሜይን በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ብዙ ወጣት ሠራተኞች የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

ሜይን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ጫፍ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች፣ በሰመር ካምፖቿ የምትታወቅ ግዛት ናት። ትምህርት ሲዘጋ ወላጆች ልጆቻቸውን ለሳምንታት ወደ ካምፕ ይልካሉ። ዋና የሚያስተምሯቸው፣ የሚያጫውቷቸው፣ ማታም አብረዋቸው የሚያድሩት ካውንስለር የሚባሉ ወጣቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ጄ-1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ከሌላ አገር የሚመጡ አሉ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙዎቹ ካምፖች ያሉት ባሕሩ ዳር ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጫካ መሐል፣ ሐይቅ ዳር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከልጆች ጋር የከረመ ወጣት አንድ የዕረፍት ቀን ሲያገኝ መኪና የለውም። ልከራይ ቢል ዕድሜው ከ25 በታች ስለሆነ ተጨማሪ ይጠየቃል፣ አለዚያም ጭራሽ አይሰጡትም። ስለዚህ ቀኑን በእንቅልፍና በስልክ ይጨርሰዋል። አጠገቡ ያለውን ባሕር የሚያየው በሌላ ሰው ስቶሪ ላይ ነው!

ሠራተኞቹን ወስዶ ባሕሩን ማሳየት የካምፑ ግዴታ እንጂ ችሮታ መሆን የለበትም እላለሁ። «ለሥራ ነው የመጡት፣ ደመወዛቸውን ያገኛሉ» የሚል አይጠፋም። እሺ። ግን ይህ የልውውጥ ፕሮግራም የቆመው እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ ሕግ ላይ ነው፤ የሕጉ ዓላማም በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ሕዝቦች መካከል መግባባትን ማሳደግ ነው። ካምፖቹ እነዚህን ወጣቶች የሚያገኙት በዚህ ስም ነው። ጫካ አስገብቶ፣ አሠርቶ መሸኘት ታዲያ ልውውጡ የቱ ላይ ነው?

ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ብዙ ካምፖች ልጆችን ለሽርሽር የሚያወጡበት ቫን አላቸው። ሴባጎ ሐይቅ አካባቢ ካለ ካምፕ ፖርትላንድ ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጠዋት ከ1791 ጀምሮ ለመርከቦች የሚያበራውን የፖርትላንድ ሄድ የመብራት ማማ ማየት፣ ከሰዓት በኋላ በጀልባ 20 ደቂቃ ገደማ ተጉዞ ፒክስ ደሴት ላይ መንሸራሸር ይቻላል። ለአንድ ቀን ይበቃል።

አኬዲያ ብሔራዊ ፓርክ ግን ከፖርትላንድ ሌላ ሦስት ሰዓት ያስነዳል። እሱን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማድረግ ባሕሩን በቫን መስኮት ማየት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይሻላል። ከፓርኩ አጠገብ ባር ሃርበር የምትባል ከተማ አለች። ባሕሩ ሲሸሽ ከከተማዋ ወደ ባር ደሴት በእግር የሚያሻግር መንገድ ብቅ ይላል። የሚቆየው ውኃው ዝቅ ከሚልበት ሰዓት በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፣ በኋላም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከዚያ መንገዱ ይሰጥማል፣ ያረፈደም ደሴቱ ላይ ለሰዓታት ይቀራል። ሰው ይዞ የሚወጣ ሰው ማወቅ ያለበት እንዲህ ያለውን ነው። እዚያው ከተማ ያለው አቢ ሙዚየም ደግሞ ስለ ዋባናኪ፣ ማለትም ስለ «የንጋት ምድር ሰዎች» ይነግራል፤ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የዕረፍት ቀን የሠራተኛው ነው። መተኛት የፈለገ ይተኛ፣ ቫኑ ለፈለገ ይቁም። «ሁሉም ይምጣ» ከተባለማ ሌላ የሥራ ቀን ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ቪዛ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። «በዕረፍት ቀኔ በምን ነው የምወጣው?» በሉ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አገሩን ዞሮ ለማየትና ለመመለስ እስከ 30 ቀን እንደሚፈቀድም እወቁ፤ በእነዚያ ቀናት መሥራት ግን አይቻልም። እኛ ባሕር የሌላት አገር ልጆች ነን። እዚያ ድረስ ሄዶ ባሕሩን ሳያዩ መመለስ ለኛ ይብሳል።