ስኬሉ እኩል ነው፤ ኪሱስ?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ሥራ የጀመራችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺን አንብቧት።

«ሴት አለቃ ከሆነች የሴቶች ክፍያ ከወንዶች እኩል ይሆናል ወይ?» ሲባል አንዱ «እንዴታ!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተወኝ እባክህ፣ ሴት አለቃ በሴት ላይ ትብሳለች» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ ባይ ነኝ።

በሕግ በኩል ክርክር የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። እኛም ጋ ከፍተኛ መምህር ከፍተኛ መምህር ነው፤ ወንድም ሆነ ሴት ስኬሉ አንድ ነው። ታዲያ ርዕሰ መምህር የሚሆነው ማነው? ለሥልጠና ተልኮ አበል የሚያገኘውስ? የማታው ትምህርት ለማን ይሰጣል? አዋጅ 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 120 ቀን ፈቃድ ከነክፍያው ይሰጣል። ስትመለስ ግን እድገቱ ለሌላ ተሰጥቶ ቢጠብቃትስ? የገንዘቡ ልዩነት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው።

ጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ወር ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትልቅ ነገር ነው፣ ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋዋ ልጅ ደመወዝ በካቢኔ አይወሰንም። በጊዜው ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንኳ አልነበረም። ለእሷ የሚቀርባት የሥራ አፈጻጸሟን የሚሞላው፣ ትርፍ ሰዓት የሚመድበው፣ ለእድገት የሚያጨው የቅርብ አለቃ ነው። ሴቶች እዚያ ቦታ ላይ ሲበዙ ነው ለውጡ ኪስ ድረስ የሚደርሰው።

«ትብሳለች» ለምትሉት ደግሞ፦ ከአሥር ወንድ አለቃ መሃል ብቻዋን የተቀመጠች ሴት «ለሴት አዳላች» እንዳትባል ብትጠነክር ይገርማል? ሦስት አራት ቢሆኑ፣ የእድገት መስፈርቱም በጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ማንም ማዳላት አያስፈልገውም ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሥራ ስትገቡ ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። እድገት በምን መስፈርት እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚወስን ጠይቁ። ወንዶቹም ጠይቁ፤ የተደበቀ መስፈርት ነገ እናንተንም ይጥላል።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ አበልና እድገት የሚወስነው ማነው? እስቲ ጻፉልኝ።