ደላላው የያዘውን ስልክ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ለምን አጣው?

በቆቦ ከተማ በግቢው ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል ሠርቶ የሚያከራይ ሰው ተከራይ የሚያገኘው በመስከረም ነው። ተከራዮቹ ተማሪዎች ናቸው። ከዞብል ሥርና ከሌሎቹ የራያ ቆላ ቀበሌዎች የሚመጡ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፣ ስንቃቸውን ቅዳሜና እሁድ ከቤት ያመላለሳሉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም በዚሁ ሁኔታ ይከታተላሉ። አባት ኪራዩን ይከፍላል፣ ጤፉንና ማሽላውን ያስጭናል። ልጁ ክፍል ይግባ አይግባ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በነጋዴ ቋንቋ ሲነገር፣ ገንዘቡን አፍስሶ የሒሳብ መግለጫ የማይቀርብለት ባለአክሲዮን ማለት ነው።

ለወላጅ የሚደርሰው ዜና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ካርድ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ነው። ይህን መልእክት እንዲያደርስ የሚላከው ደግሞ ጥፋተኛ የተባለው ተማሪ ራሱ ነው! መልእክቱ ቢደርስ እንኳ አባት አጨዳውን ወይም ገበያውን ትቶ፣ የመጓጓዣ ከፍሎ፣ አንድ ሙሉ ቀን አቃጥሎ የሚሰማው ልጁ ከሳምንታት በፊት መቅረት እንደጀመረ ነው።

ራያ ቆቦ ውስጥ የእነዚህ ሳምንታት ዋጋ ከባድ ነው። አካባቢው በሕገወጥ መንገድ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሰደዱ ወጣቶች ከሚበዙባቸው የሰሜን ወሎ ወረዳዎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። ጉዞው በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻም በጀልባ ወደ የመን ነው። አቀናባሪው ደላላ ነው (ይህን ገጽ የሚያነበው የእህልና የቤት ደላላ ሳይሆን ሌላኛው)። ልጁ የመን ላይ ሲታገት የአባትየው ስልክ ይጮኻል፤ የማስለቀቂያው ጥያቄ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር ብር ይሆናል። በሬ ይሸጣል፣ ብድር ይገባል፣ መሬት በኪራይ ይሰጣል። እንግዲህ አጋቹ ባሕር ተሻግሮ የሚያገኘውን አባት፣ ልጁ ከክፍል በቀረ በሦስተኛው ቀን እንኳ ትምህርት ቤቱ አያገኘውም። የአባትየው ቁጥር በመዝገብ አልሰፈረም፤ ቢሰፍርም ደውል ተብሎ የተመደበ ሰው የለም። ልጁ ያሳስበኛል የሚል መምህር ካለም የሚደውለው ከራሱ ኪስ ካርድ ሞልቶ ነው።

በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። የመገናኛ ደብተሩ ቦታውን ለቴሌግራም ቡድንና ለስልክ መተግበሪያ እየለቀቀ ነው። ክፍያም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብርና በባንክ በኩል ሲፈጸም የወር መጀመሪያው ሰልፍ ቀርቷል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ይሁንና ይህንኑ ሸቀጥ እንዳለ ጠቅልሎ ቆቦ ላይ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ሁለት ነገር ቢያስታውስ ይበጀዋል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ መዘጋቱ ለወራት ዘልቋል። ከዚያ በፊትም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ሲደርስባት መብራትም ስልክም ጠፍቶባት ነበር። ሁለተኛው ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት በብዙ ወጪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ትምህርቱም አብሮ ይሄድ ነበር።

ለቆላው ገበያ የሚሆነው ዕቃ ድምፅ ነው። ማንበብ ለማይችል አባት የጽሑፍ መልእክት መላክ ወረቀት ከመላክ አይሻልም። ለዚህ ደግሞ የአገር ውስጥ ምሳሌ አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው 8028 የተባለው መስመር ገበሬው በተራ ቀፎ በነፃ ደውሎ ምክር በቋንቋው የሚያዳምጥበት ነው። ቦትስዋናም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶቿ በተዘጉ ጊዜ 4,500 ያህል ቤተሰቦችን ያሳተፈ ሙከራ ተካሂዶባት ነበር። በየሳምንቱ የተደወለላቸው ቤተሰቦች ልጆች ሒሳብ ላይ ሲሻሻሉ፣ የጽሑፍ መልእክት ብቻ በደረሳቸው ዘንድ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ በ22 ትምህርት ቤቶች የተማሪው መቅረትና ዝቅተኛ ውጤት ለወላጅ በስልክ መልእክት እንዲደርስ ሲደረግ፣ በትምህርት ዓይነት መውደቅ በ28 በመቶ ቀንሷል፤ ክፍል መግባት በ12 በመቶ ጨምሯል። እዚያ ግን ወላጁ አንባቢ ነው።

ወጪውስ? ለምሳሌ 1,500 ተማሪ ካለው ትምህርት ቤት በቀን ከመቶ አምስቱ ቢቀሩ 75 ጥሪ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢያዝ 75 ደቂቃ፣ የአንድ ጸሐፊ የከሰዓት ሥራ እንኳ አይሞላም። ለተመሳሳይ ትምህርት ቤት በዓመት አራት ማስታወቂያ በወረቀት ለመበተን 6,000 ቅጠል፣ ማለትም 12 ደስጣ ወረቀት ይፈልጋል፤ የማባዣው ቀለም ሳይቆጠር። የአየር ሰዓቱን ወላጆች በየዓመቱ ከሚያዋጡት መዋጮ ላይ መሸፈን አያቅትም። ሶፍትዌር ሻጮች በተማሪ ነፍስ ወከፍ የሚተምኑት ዋጋ ግን ለመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀመስ አይደለም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸግረው መዝገቡ ነው። የሚቀር ተማሪ የአባቱን ሳይሆን የጓደኛውን ቁጥር አስመዝግቦ «አቤት፣ አባቱ ነኝ» የሚል ድምፅ እንደማያዘጋጅ ዋስትና የለም። ወላጅም ሲም ካርድ ይቀይራል፤ ስልኩ በአባት ኪስ ሲውል ለእናት ወሬው አይደርስም። ስለዚህ ቁጥሩ መወሰድ ያለበት በምዝገባ ቀን፣ ወላጁ በአካል ቀርቦ፣ እዚያው ተደውሎ ስልኩ ሲጮኽ ታይቶ ነው። በተከራይ ተማሪዎች ስም ትይዩም አንድ ተጨማሪ ቁጥር መስፈር ይኖርበታል፤ ልጁ ማታ ቤት መግባቱን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው የአከራዩ።