መርዙን የሞላው ማን ነው?

በጦር ኃይሎች አካባቢ በተካሄደ አንድ የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ጥቅም ሰፊ ገለጻ ከተደረገ በኋላ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «መድኃኒት የሚቀምመውን አመሰገናችሁ፤ መርዝ የሚቀምመውንስ ማን ይጠይቀዋል?» አሉ። የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል በሚገኝበት ሠፈር ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ከመድረኩ የተሰጠው መልስ ግን «ሳይንስ ገለልተኛ ነው፤ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው» የሚል ነበር። እኛም በውጭ አገር ትምህርት ቤት ሳለን ይህንኑ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን መልካም ውጤት አግኝተንበታል። ዛሬ አንስማማበትም፤ የማንስማማበትን ምክንያት የሚያስረዳውም የገዛ አገራችን ታሪክ ነው።

ፋሽስት ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነት በ1920 ዓ.ም. አጽድቃ ነበር። ይሁን እንጂ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቿ በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ኢፕሪት የተባለውን መርዝ አወረዱ። ሙሶሊኒም በቴሌግራም ፈቅዶ ነበር። ኢፕሪት ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ወዲያው አያቃጥልም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ያቆስላል። በሣርና በአፈር ላይም ለቀናት ይቆያል። ሸማ ለብሶ በባዶ እግሩ የዘመተው ገበሬ ያቆሰለው የረገጠው ሣር መሆኑን እንኳ በምን ያውቃል? ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ኢፕሪት የሚይዘው ትልቁ ቦምብ ደግሞ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ፈንድቶ መርዙን እንደ ዝናብ እንዲረጭ ተደርጎ የተሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ፍንዳታው ከመሬት በላይ እንዲሆን በእርሳስና በወረቀት ያሰላ መሐንዲስ ነበር። ፈሳሹን ያጣራ ኬሚስት፣ ቅርፊቱን የበየደና መርዙን የሞላ ሠራተኛ፣ ሣጥኑን መርከብ ላይ ያወጣ ወዛደርም ነበር። ሁሉም በየበኩሉ «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ሊል ይችላል። ወንጀሉ የተፈጸመውም ሥራው እንዲህ ተከፋፍሎ ማንም ሙሉውን የእኔ ነው ሳይል በመቅረቱ ነው።

ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አሞኒያ የሚሠራበትን ዘዴ በማግኘቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1918ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። የጎጃም ገበሬ በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ መነሻው ይኸው ዘዴ ነው። ሃበር ግን በሚያዝያ 1907 ዓ.ም. በቤልጅግ ኢፕር ከተማ አጠገብ በተሰለፉ ወታደሮች ላይ የክሎሪን ጋዝ ሲለቀቅ ሥራውን በቦታው ተገኝቶ የመራ ሰው ነው። ኢፕሪትም ስሙን ያገኘው ከ2 ዓመት በኋላ በዚያው ግንባር ስለተረጨ ነው። ማዳበሪያውንና መርዙን ያወጣው አንድ ጭንቅላት ነው፤ ጭንቅላቱን ገለልተኛ ነበር ብሎ የሚከራከርልን ካለ እናዳምጠዋለን።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዜረት ዋሻ፣ አርበኞች ከነቤተሰቦቻቸው በተጠለሉበት ሥፍራ መርዙ እንደገና ተሠርቶበታል። ለጋዙ ለፍርድ የቀረበ አንድም ሰው የለም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። 60 ዓመት ያህል ዝም ካሉት መካከል ያዘዙት ብቻ ሳይሆኑ ያሰሉት፣ ያጣሩትና የሞሉትም እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

በ1989 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለውና ኢትዮጵያም የገባችበት የኬሚካል ጦር መሣሪያ እገዳ ስምምነት መሥራቱን፣ ማከማቸቱንም ከልክሏል። ነገር ግን ኢፕሪት ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ የሆነው ታዮዳይግላይኮል ለጨርቅ ማቅለሚያና ለእስክሪብቶ ቀለምም ያገለግላል። በርሜሉን የሚያየው ደግሞ ሚኒስትሩ ሳይሆን የመጋዘን ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የሚያነሣው ዕቃ ምን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ የመጠየቅ መብት ሊኖረው፣ በመጠየቁም ከእንጀራው ላይ ሊነሣ አይገባም። ለእኚያ እናት በስብሰባው ላይ ሊሰጣቸው ይገባ የነበረው መልስ ይህ ነበር። ማኅበሩም በሚቀጥለው ስብሰባው የአካባቢውን የኬሚስትሪ መምህራን ጠርቶ ጥያቄያቸውን በአጀንዳ እንዲይዝ እናሳስባለን።